ግድግዳው ሳይለሰን ቧንቧው ይፈተን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጥምቀት በቀረበ ቁጥር ጎንደር ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይበዛል። መኖሪያ ቤቱ እንግዳ ማረፊያ፣ ምድር ቤቱ ካፌ ይሆናል፤ አንድ የነበረው መታጠቢያ ቤት ስድስት ይሆናል። ሴራሚኩና የጂፕሰም ኮርኒሱ ገና ከጅምሩ ተመርጦ ያልቃል። ቧንቧው፣ ፍሳሹና የአየር ማስወጫው የሚታሰበው ግን ለሳኙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

በከተማችን በሳኒተሪና በሜካኒካል ሥራ ላይ የምንገኝ ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። የእድሳት ፈቃድ የሚሰጠው አካል፣ ቧንቧ ግድግዳና ወለል ውስጥ ከመቀበሩ በፊት የግፊትና የፍሳሽ ፈተና እንዲደረግ፣ ውጤቱም በወረቀት እንዲፈረም ያስገድድልን። ጥያቄው ተራ ወረቀት ማብዛት እንዳይመስል ሥራው ውስጥ ያለውን በዝርዝር እናሳያለን።

ከውኃው እንጀምር። የከተማችን ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የአንገረብ ግድብም ከደለል ጋር ሲታገል ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የክፍሎቹ ብዛት ሲወሰን በሁለት ፈረቃ መካከል ስንት ቀን እንዳለም አብሮ መቆጠር አለበት። አሥር ክፍል ላለው ማረፊያ፣ በየክፍሉ ሁለት ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ቢታሰብ የቀኑ ፍጆታ 2,000 ሊትር ነው። ፈረቃው በየአምስት ቀኑ ከደረሰ 10,000 ሊትር ማጠራቀም ግድ ይሆናል። ባለቤቶች ብዙ ጊዜ ይህን ሁሉ ጣሪያ ላይ መስቀል ይፈልጋሉ፤ ፓምፕ እንዳይገዙ። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ ግን አንድ ቶን ይመዝናል፤ ለመኖሪያ የተሠራ ሶሌታ በአንድ ጥጉ አሥር ቶን እንዲሸከም ተብሎ አልተሰላም። 8,000ው ሊትር መሬት ላይ፣ 2,000ው ብቻ ከላይ ይሁን። የላዩም ቢሆን ኮለንና ቢም (የኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ) ባለበት በኩል ይቀመጥ። የሮቶው (የፕላስቲክ ውኃ ማጠራቀሚያው) ታች በሙሉ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ማረፍ አለበት። ክፍተት ባለው የብረት መቆሚያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ በብረቶቹ መካከል እየጎበጠ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። መውጫው ከሮቶው ታች ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ደለሉ ከታች ይቀራል፣ ለእርሱ ደግሞ የራሱ ማጠቢያ ሳራቺኔስካ (መክፈቻና መዝጊያ ቫልቭ) ይኑረው። የትርፍ ውኃ ማፍሰሻው ከመግቢያው ቧንቧ በአንድ ደረጃ ይስፋ፤ አፉም በወንፊት ይሸፈን።

የታችኛው ሮቶ መሙያ መስመር ብዙ ጊዜ ይናቃል። ውኃው ሌሊት ለስድስት ሰዓት ብቻ የሚለቀቅ ከሆነ 8,000 ሊትር ለመሙላት በሰዓት 1,330 ሊትር ያህል፣ ማለትም በሴኮንድ 0.37 ሊትር መግባት አለበት። ይህ ውኃ በ25 ሚሊ ሜትር ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) ቢገባ ፍጥነቱ በሴኮንድ 1.7 ሜትር ይደርሳል፤ ከመንገዱ መስመር የሚመጣው ደካማ ግፊት በቧንቧው ፍትጊያ ተበልቶ ያልቃል። በ32 ሚሊ ሜትር ግን ፍጥነቱ ወደ 1 ሜትር ይወርዳል፤ ሮቶውም ሳይነጋ ይሞላል።

አንዳንዱ ደግሞ መሙያው ሲዘገይበት ፓምፑን በቀጥታ ከቆጣሪው ጋር ያገናኛል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ፓምፑ መስመሩን ሲስብ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በታች ይወርዳል፤ በአፈር ውስጥ የተሰነጠቀ መጋጠሚያ ካለ በዙሪያው የተኛውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይመጠምጠዋል። ያን ውኃ የሚጠጣው ጎረቤትም ጭምር ነው። መስመሩ መጀመሪያ ታችኛው ሮቶ ውስጥ ይፍሰስ፤ የፍሎተሩ (ሮቶው ሲሞላ ውኃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ቫልቭ) አፍም ሮቶው ውስጥ ውኃው ከሚደርስበት ከፍተኛ መጠን ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሁን። ከቆጣሪው ቀጥሎ ውኃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቼክ ቫልቭ ይግባ። ፓምፑ የሚስበው ከሮቶው ብቻ ነው።

ፓምፕ ሲመረጥ ደግሞ የከተማችን ከፍታ ይታሰብ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ በጥቂት ቢበልጥ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ውኃን በመምጠጥ ብቻ በንድፈ ሐሳብ እስከ 10.3 ሜትር ማንሳት ይቻላል፤ እዚህ ግን 8 ሜትር ያህል ነው ጣሪያው። የቧንቧ ፍትጊያና የፓምፑ የራሱ ፍላጎት ሲቀነስ በተግባር ከ5 እስከ 6 ሜትር ይቀራል። ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» የተባለ ፓምፕ በ7 ሜትር ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ቢንተከተክ ፓምፑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ከእውነተኛ አቅሙ በላይ ተጠይቋል። መፍትሔው ወደ ውኃው ዝቅ ብሎ ማስቀመጥ ወይም ጠላቂ ፓምፕ መግዛት ነው።

አሁን ወደ እድሳቱ ዋና ወጥመድ እንምጣ። አሮጌው የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ዝጎ ሲነቀል «ግማሽ ኢንች ነበር፣ 20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር እናስገባ» ይባላል። የቁጥሩ መመሳሰል ያሳስታል። የግማሽ ኢንች ብረት ቧንቧ ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የ20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር ፒኤን 20 (ፒኤን የቧንቧው የግፊት ደረጃ ነው) ግን ግድግዳው 3.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውስጡ 13.2 ብቻ ነው። ውኃ የሚያልፍበት ስፋት በሦስተኛ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። በሦስት አራተኛ ኢንችም ያው ነው፤ ብረቱ ውስጡ 21.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን 25ቱ ፒፒአር 16.6፣ 32ቱ ደግሞ 21.2 ነው። ስለዚህ በሦስት አራተኛው ኢንች ምትክ የሚገባው 32 ነው። የሻወርና የላቫንዲኖ ቅርንጫፍ በ20 ቢሄድ ችግር የለውም፤ ሁለት መታጠቢያ ቤት የሚመግበው ግን ቢያንስ 25፣ ከሮቶው የሚወርደው ዋና መስመር 32 ወይም 40 ይሁን። ከጣሪያ ሮቶ የሚገኘው ግፊት ለእያንዳንዱ ሜትር ቁመት 0.1 ባር (የግፊት መለኪያ) ብቻ ነውና በጠባብ ቧንቧ የሚባክን ትርፍ የለንም። የላይኛው ፎቅ ሻወር ከሮቶው በ2 ሜትር ብቻ ዝቅ ካለ የሚያገኘው 0.2 ባር ነው፤ ለዚያ ፎቅ የግፊት ማሳደጊያ ፓምፕ ያስፈልጋል።

የፒፒአር ብየዳም በግምት ይሠራል። የብየዳ ማሽኑ ማሞቂያ ብረት 260 ዲግሪ መድረስ አለበት። ከዚያ 20 ሚሊ ሜትሩ ለ5 ሴኮንድ፣ 25ቱ ለ7፣ 32ቱ ለ8፣ 40ው ለ12 ሴኮንድ ይሞቃል። ቧንቧው ወደ መጋጠሚያው ሲገባ መጠምዘዝ የለበትም፤ ቀጥ ብሎ 20ው 14 ሚሊ ሜትር፣ 25ቱ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ሠራተኛ ጥልቀቱን አስቀድሞ በእርሳስ የሚያሰምረው። ከዚያ በላይ ከተገፋ የቀለጠው ፕላስቲክ ውስጥ ላይ ቀለበት ሠርቶ መንገዱን ያጠበዋል። ውኃው «ይመጣል ግን ደካማ ነው» የሚባለው ጉድ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይህ ነው፤ ከተለሰነ በኋላ ደግሞ የትኛው ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጥርስ ያለው መጋጠሚያ ላይ ካናፓ (ፍሳሽ የሚከላከል ቃጫ) አብዝቶ ጠምጥሞ በረጅም ቁልፍ ማጥበቅም የነሐሱን ጥርስ ከፕላስቲኩ ያላቅቀዋል፤ ያኔ ባይፈስ እንኳ ወር ቆይቶ ይፈሳል። ጣሪያ ላይ የሚታየው ፒፒአር ደግሞ ይሸፈን። በዚህ ከፍታ ያለው ፀሐይ ፕላስቲኩን በጥቂት ዓመት ያደርቀዋል።

ፈተናው እንዲህ ነው። ሁሉም አፎች በታፖ (በቧንቧ መክደኛ) ይዘጋሉ፤ መስመሩ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ውኃ ይሞላል፣ አየሩ ከላይኛው አፍ ይውጣ። የእጅ ፓምፕ ከሰዓቱ (ከግፊት መለኪያው) ጋር ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይገጠምና እስከ 10 ባር ይወጣል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ፕላስቲኩ ስለሚለጠጥ ግፊቱ ጥቂት ይወርዳል፤ ይህ አያስደንግጥም፣ እንደገና ወደ 10 ይመለስ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ከ0.2 ባር በላይ ከወረደ የሚፈስ አለ ማለት ነው። ቦይለር፣ ሚክሰርና ፍሌክሲብል ቱቦ በዚህ ጊዜ መገናኘት የለባቸውም፤ ለዚያ ግፊት አልተሠሩም። አየር የቀረበት መስመር እንደ ስፖንጅ ስለሚጨመቅ ሰዓቱ ያታልላል፤ አየሩን ማስወጣት ላይ ችኮላ አይደረግ።

ግድግዳ ሲቦረቦርም ልክ አለው። ቁልቁል የሚሄድ ቦይ ከግድግዳው ውፍረት ከሲሶው፣ አግድም የሚሄድ ደግሞ ከስድስተኛው እጅ መብለጥ የለበትም። በብሎኬት ይህ የበለጠ ይከፋል፤ ብሎኬቱ ክፍት ስለሆነ አግድም የተቆረጠ ቦይ ቀጭኑን ቅርፊቱን ይጨርሰዋል። በ10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ውስጥ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቧንቧ ለመቅበር የሚሞክር ሰው ግድግዳውን እያፈረሰ ነው፤ ሲጀመርም አይገባም። ለእርሱ በጥግ በኩል የራሱ መተላለፊያ ሳጥን ይሠራለት፣ በር ያለው። ኮለንና ቢም በጭራሽ አይነኩ። ሶሌታ ሲበሳ በኮር ማሽን እንጂ በመሮ አይሁን፤ የሪብድ ሶሌታ ከሆነ ደግሞ ሪቡ (ሶሌታውን የሚሸከመው ውስጣዊ አግዳሚ) የት እንዳለ ሳይታወቅ መብሳት አይጀመር።

ፒያሳ አካባቢ ባሉት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ በተሠሩት ሕንፃዎች ላይ ነገሩ ይለያል። በእነርሱ ውስጥ ቦይ መቁረጥ ጨርሶ ባይታሰብ እንመርጣለን። ቧንቧው በጓሮው ፊት በሳጥን ተሸፍኖ ይውጣ። በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመዘገበው ፋሲል ግቢ አጠገብ ላሉት ደግሞ አንድ ቱቦ በፊት ለፊት ከመስቀል በፊት የቅርስ ባለሙያ ይጠየቅ።

ፍሳሽ ላይ የሚሠራው ስህተት ከውኃው ይብሳል፤ ምክንያቱም የሚታወቀው በመጥፎ ጠረን ነው። ሽንት ቤት ከነበረበት ቦታ ሲዛወር 110 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይፈልጋል። ሦስት ሜትር ቢዛወር 6 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ፣ 11 ሳንቲ ሜትር የቧንቧ ውፍረት፣ ከላይ 3 ሳንቲ ሜትር ሽፋን፤ በድምሩ 20 ሳንቲ ሜትር። የሊሾው ውፍረት ግን ከ5 እስከ 7 ነው። ወይ ወለሉ በደረጃ ከፍ ይላል፣ ወይ ቧንቧው ከሶሌታው ሥር በታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ውስጥ ያልፋል፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። ዝቅታውን «አስተካክለነዋል» ብሎ ጠፍጣፋ መዘርጋት በየሳምንቱ ሽቦ ይዞ መምጣትን ይጋብዛል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ሳይገዛ በፊት ደግሞ ከተለሰነው ግድግዳ እስከ ቀዳዳው መሃል ያለው ርቀት ይለካ። በገበያ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠይቅም 40 የሚጠይቅም አለ፤ ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ መቀመጫውን ነው ለእርሱ የምንፈልግለት።

እያንዳንዱ ሲፎን (ከላቫንዲኖ ወይም ከወለል ሥር ያለው ታጣፊ የፍሳሽ ክፍል) ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር የቆመ ውኃ አለ፤ ከሴፕቲክ ታንኩ የሚመጣውን ሽታ የሚያግደው እርሱ ብቻ ነው። ዋናው የቁልቁል ፍሳሽ ቧንቧ ከጣሪያ በላይ ወጥቶ ካልተነፈሰ፣ ከላይ ፎቅ ሽንት ቤት ውኃ ሲለቀቅ የሚፈጠረው ባዶ ስፍራ የታችኛውን ላቫንዲኖ ሲፎን ይመጠምጠዋል። «ጉርጉር» የሚል ድምፅ የሚሰማበት መታጠቢያ ቤት የዚህ ምልክት ነው። የመተንፈሻው አፍ ኮርኒስ ውስጥ ማለቅ የለበትም፤ ጣሪያውን በስቶ ይውጣ። ቁልቁል ቧንቧው መሬት ላይ ሲታጠፍ በአንድ የ90 ዲግሪ ጎሚቶ ፈንታ በሁለት የ45 ዲግሪ ይታጠፍ፤ እዚያው አጠገብ የማጽጃ አፍ ይኑር። የወለል ሲፎን ጉዳይ ደግሞ ለእንግዳ ማረፊያ ልዩ ነው፤ ከበዓሉ በኋላ ክፍሉ ተዘግቶ ሲከርም ያ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ በበጋው ይተናል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሊትር ውኃ ማፍሰስ፣ ላዩ ላይም አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግ በቂ ነው። ይህን ያላወቀ ባለቤት ጤነኛ ቧንቧ ያስቆፍራል።

የፍሳሽ ፈተናው ርካሽ ነው። የታችኛው አፍ በጎማ መዝጊያ ይታፈናል፤ መስመሩ እስከ ላይኛው ወለል ውኃ ይሞላል፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳይወርድ መቆም አለበት። የሻወሩ ወለል ውኃ መከላከያ በሁለት ዙር ተቀብቶ፣ ግድግዳው ላይም ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ሻወሩ ሥር ደግሞ እስከ 1.80 ሜትር ከወጣ በኋላ ወለሉ 3 ሳንቲ ሜትር ውኃ ተሞልቶ 24 ሰዓት ይቆይ፤ ከሥር ያለው ኮርኒስ ይታይ። ሴራሚክ የሚነጠፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ሴፕቲክ ታንክ አንድ ነገር ብቻ እንበል፤ ሌላው ሰፊ ነው። የአሸንዳ ውኃ ወደ እርሱ አይግባ። 150 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር የክረምት ዝናብ ቢወርድ 4,500 ሊትር ነው፤ ታንኩ ውስጥ የሚብላላውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ይጠርገዋል። አዘዞ አካባቢ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ማስረጊያ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ትንሽ የሙከራ ጉድጓድ ውኃ ተሞልቶ በስንት ሰዓት እንደሚሰርግ ይለካ፤ ያ አፈር ሲርስ አብጦ ይዘጋልና። ካፌ የሚከፍት ሰው የወጥ ቤቱን ላቫንዲኖ በቅባት ማጥመጃ በኩል ያሳልፍ። የጥብስና የቅቤ ቅባት በጎንደር ሌሊት ብርድ ቧንቧ ውስጥ ይረጋል።

ቦይለር ሲሰቀል ክብደቱ ይታሰብ፤ የ80 ሊትሩ ሲሞላ ከ100 ኪሎ ግራም አያንስም። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ተራ ፊሸር አይዘውም፤ ግድግዳውን አልፎ በወዲያኛው ፊት በሰፊ ዋሸር የሚታሰር ብሎን ይሁን። ውኃ ከ15 ወደ 75 ዲግሪ ሲሞቅ በመቶ 2.5 ያህል ስለሚያብጥ 80 ሊትሩ 2 ሊትር መውጫ ይፈልጋል። ሴፍቲ ቫልቩ ሲያንጠባጥብ «ተበላሽቷል» ብለው በታፖ የሚዘጉት አሉ። ይህ ቦይለሩን ወደ ፈንጂ መቀየር ነው። ጠብታው በቀጭን ቱቦ ወደ ወለል ሲፎን ይመራ፤ በቫልቩና በቦይለሩ መካከል ምንም መዝጊያ አይግባ። ሙቅና ቀዝቃዛው ከአንድ ሮቶ ይምጡ፤ አንዱ ከመንገድ መስመር፣ ሌላው ከሮቶ ከሆነ የበረታው ደካማውን በሚክሰሩ በኩል ወደኋላ ይገፋዋል። 2 ኪሎ ዋት ቦይለር 9 አምፔር ያህል ስለሚስብ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ 16 አምፔር ብሬከር፣ 30 ሚሊ አምፔር የመሬት ፍሳሽ ቆራጭና እውነተኛ የመሬት መስመር ይበቁታል። ቅጽበታዊው የሻወር ማሞቂያ ግን 5.5 ኪሎ ዋት፣ 25 አምፔር ነው። የድሮውን የመብራት ገመድ ለእርሱ መጠቀም ክልክል ነው።

መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ማስወጫ ፋን ይፈልጋል። 2 በ1.5 ሜትር ሆኖ 2.6 ቁመት ላለው ክፍል አየሩ በሰዓት ስምንት ጊዜ እንዲለወጥ 62 ሜትር ኩብ ያህል በሰዓት ያስፈልጋል፤ ባለ 100 ሚሊ ሜትሩ ፋን ይበቃዋል፣ ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ እስከሆነ ድረስ። በሩ ሥር የ1 ወይም የ2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ካልተተወ ፋኑ የሚስበው አየር የለውም። ቱቦው ኮርኒስ ውስጥ አይተፋ፤ ጂፕሰሙ በክረምት ይሻግታል። የእንጀራ ምጣድ ያለበት ወጥ ቤት ሌላ ነው፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ውኃ ይሆናል፣ ስለዚህ ቱቦው ወደ ምጣዱ ሳይሆን ወደ ማፍሰሻ አፍ ያዘንብል።

በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የሕንፃ ቧንቧ ሥራ ደረጃ፣ ኢቢሲኤስ (የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃ) 9፣ አለ፤ የአየር ማስወጫውም ኢቢሲኤስ 11 አለው። ስለዚህ አዲስ ሕግ አንጠይቅም። የሚጎድለው የመፈተሻ ወረቀቱ ነው። በአንድ ገጽ ላይ የቧንቧው ዓይነትና ፒኤን፣ የግፊቱ ፈተና ሲጀመርና ሲያልቅ የግፊት ሰዓቱ ያነበበው፣ ወለሉ በውኃ የቆየበት ቀን፣ የሮቶው መጠንና የተቀመጠበት ቦታ ይሞላ፤ ሠራተኛው፣ ባለቤቱና ተቆጣጣሪው ይፈርሙ። ከልስን በፊት እያንዳንዱ ግድግዳ ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሳና ከወረቀቱ ጋር ይያያዝ፤ ነገ መጋረጃ ሊሰቅል ግድግዳ የሚበሳው ሰው የሚያየው እርሱን ነው። የእጅ ፓምፑን በተመለከተ፣ ብዙ ትናንሽ ሠራተኞች የላቸውም። በየክፍለ ከተማው የግንባታ ክፍል አንድ ፓምፕና የተስተካከለ የግፊት ሰዓት ተቀምጦ በተራ ቢሰጥ «መሣሪያ የለኝም» የሚለው ምክንያት ይቀራል።

በሳኒተሪና በሜካኒካል ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
ጎንደር